ጢም ያለው ካቦ

ሰባቱ መኪኖች የደንገጎን ጠመዝማዛ ፍሬናቸው እያፏጨ ሲወርዱ ከኋላቸው ያለው ሰማይ ጠቁሮ ነበር። ጥቁረቱ ከሐረር በላይ ጀምሮ እስከ ቁልቢ ተራሮች ይደርሳል፤ አልፎ አልፎ ሆዱ ውስጥ መብረቅ ብልጭ ይላል። ከፊታቸው ግን ሌላ አገር ነው። ከታች፣ በቆላው ዝርግ ላይ፣ ድሬዳዋ በነሐሴ ፀሐይ ነጭ ሆና ተኝታለች፤ የባቡር ጣቢያው ቆርቆሮና የከዚራ ሰፈር ዛፎች ከሩቅ ይለያሉ። በስተኋላ ዝናብ፣ በስተፊት ፀሐይ። ደንገጎን የሚያውቅ ሾፌር እንዲህ ያለውን ቀን አያምነውም።

የፊተኛውን መኪና የሚነዳው ዐያንሌ ነው። መኪናው ጣሊያን ጥሎት የሄደ ትሬንታ ኳትሮ ነው፤ አፍንጫው ረጅም፣ መሪው እንደ ወፍጮ ድንጋይ የከበደ። ዐያንሌ ግን በአንድ እጁ ያዞረዋል። ዕድሜው ወደ አምሳ ይጠጋል፤ ጢሙን በሂና ያቀላል፤ ከካኪ ሸሚዙ በታች ሽርጥ ያገለድማል፤ ኮፊያው ከራሱ አይወርድም። የሀጂ ዐብዱላሂ የጭነት መኪኖች ካቦ፣ የሾፌሮቹ አለቃ ነው። ካቦ የሚለው ስም ጣሊያን መንገድ ሲያሠራ የቀረ ነው፤ በዚያ ዘመን ግን በድሬዳዋ መጋላ ገበያ ካቦ መባል ግራዝማች ከመባል አያንስም ነበር። ዐያንሌ ሲያልፍ ተሸካሚው ከመንገድ ይወጣል፣ ባለ ሱቁ ከወንበሩ ብድግ ይላል።

ከጅግጅጋ ቆዳ፣ ከሐረር ቡና ጭነዋል። ጭነቱ ሳይመሽ ጣቢያ ገብቶ በማግስቱ ማለዳ ለሚነሳው የጅቡቲ የዕቃ ባቡር መድረስ አለበት፤ ሀጂ ለነጋዴው ቃል ሰጥተዋል። ጊዜው የጃንሆይ ኢዮቤልዩ የሚከበርበት ዋዜማ ስለሆነ ከተማው ሁሉ ኖራ እየተቀባ፣ ነጋዴው ሁሉ እየተጣደፈ ነው። ዐያንሌም ተጣድፏል። የተጣደፈው ግን ለሀጂ ቃል ብቻ አልነበረም፤ ያለ ማንም ምክር እንደሚሠራ ማሳየትም ይፈልግ ነበር።

ቀደም ብለው በዓለማያ ሐይቅ ዳር ሻይ ለመጠጣት ሲቆሙ አራተኛውን መኪና የሚነዳው ቡልቻ ከጋቢናው አልወረደም። ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ ነበር። ዐያንሌ በሩን በጣቱ አንኳኳ።

«ቡልቻ፣ እንቅልፍ ለቤት ነው።»

ቡልቻ ቀና አለ። ከሜታ የመጣ፣ ጸጥ ያለ፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው። ዓይኑ ደም መስሏል። የሆነ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተና ተወው።

«እሺ ካቦ» አለ።

ዐያንሌ ጫት አድሮበት ነው ብሎ አሰበና ሄደ። ድሮ ቢሆን እንዲህ ብሎ አያስብም። ድሮ ቢሆን፣ ቡልቻ ለምን እንቅልፍ እንዳጣ ገና ከድሬዳዋ ሳይነሱ ያውቀው ነበር።

ድሮ የሚለው ግንቦትን ነው።

እስከ ግንቦት ድረስ ዐያንሌ ማለዳ ከቤቱ ሲወጣ ሚስቱ ሀሊሞ እስከ አጥሩ በር ትሸኘው ነበር። ሻሿን እያሰረች፣ ዓይኗን ወደ መንገዱ እንዳደረገች፣ ሁለት ሦስት ቃል ጣል ታደርግለታለች። «ያን የጅግጅጋውን ሰው ዛሬ አትቆጣው፤ እናቱን ከቀበረ ሳምንት አልሆነውም።» «እነዚያን ሁለቱን ጎረቤታሞች አስከትለህ አታሰልፋቸው፤ ሚስቶቻቸው ተጣልተዋል፣ ነገሩ ከቤት ወደ መሪ እንዳይሻገር።» እሱም መልስ አይሰጥም። ጉሮሮውን ጠርጎ ይወጣል። የመኪኖቹ ግቢ ሲደርስ ግን የተባለውን ያደርጋል፤ ሾፌሮቹም «ካቦ ሰው ያውቃል» ይላሉ።

ሀሊሞ ይህን ሁሉ ከየት ታውቀዋለች ቢባል፣ ቀላል ነው። የሾፌሮቹ ሚስቶች ወደ እሷ ይመጣሉ። አንዷ ልጇ ተቅማጥ ይዞት፣ አንዷ ባሏ ሦስት ቀን ሲቀር ሰግታ፣ አንዷ እንዲሁ ሰው ናፍቋት። ሶማሌዋም፣ ኦሮሞዋም፣ አማራዋም፣ አደሬዋም ትመጣለች። ሀሊሞ አማርኛዋ የተሰባበረ ነው፤ ያውም በመሐሉ ሶማሊኛና ኦሮሚኛ ትሰነቅርበታለች። ሆኖም የምትለው ያልገባት ሴት አልነበረችም። ሴት ስትወልድ ከአራስ ደጅ አትጠፋም፣ ሰው ሲሞት ከለቅሶ አትቀርም።

አንድ ዓመት ረመዳን ሲገባ ግቢው ሊፈርስ ነበር። ጾመኞቹ ሾፌሮች በቀትር ቁልቁለት መንዳት አቃታቸው፤ ክርስቲያኖቹ ደግሞ «እኛስ በሁዳዴ ማን አዘነልን» ብለው አኮረፉ። ጠዋት በአጥሩ በር ሀሊሞ እንዲህ አለችው፦ «በረመዳን የቀትሩን መንገድ እነ ቡልቻ ይያዙ። ፋሲካ ሲመጣ ደግሞ የኛዎቹ መኪናውን ይዘው እነሱ ከልጆቻቸው ጋር ይዋሉ። ዝም ብለህ አትዘዝ፣ አስማማቸው፤ አስቀድመህ ቡልቻን ጠይቀው፣ እሱ እሺ ካለ ሁሉም እሺ ይላል።» እንደተባለው ሆነ። ሀጂ ዐብዱላሂ ራሳቸው ዐያንሌን በሰው ፊት አመሰገኑት፤ «አንተን ያሳደገች እናት ትባረክ» አሉት። ዐያንሌ ምስጋናውን ተቀብሎ ቤቱ ገባ። ለሀሊሞ ግን ሀጂ ምን እንዳሉት አልነገራትም።

ሌላው ምሰሶው ታናሽ ወንድሙ ፋራህ ነበር። ፋራህ ሰባተኛውን መኪና ይነዳል፤ የሰልፉን ጭራ የሚጠብቅ እሱ ነው። ለካቦ ሁሉም ሰው «እሺ» ይላል። ካቦነት ክፋቱ ይኸው ነው፤ ሲሳሳት «አይሆንም» የሚለው ሰው ያጣል። ዐያንሌ ግን አንድ «አይሆንም» የሚለው ሰው ነበረው። መኪና ሲቆም ፋራህ ከኋላ እየተንጎራደደ ይመጣል፤ ጋቢናው ላይ ክንዱን አሳርፎ፣ «ወንድሜ፣ ይሄ ነገር አላማረኝም» ይላል። ዐያንሌ ይቆጣል፣ ይሳደባል፣ ከዚያ ይሰማዋል። ለብዙ ዓመት ከሀጂ መኪኖች አንድም ገደል አልገባም፤ ከሾፌሮቹም አንድ ሰው ጥሎ የሄደ አልነበረም።

በግንቦት አንድ ሰርግ ላይ ነገሩ ተበላሸ። ሂርሲ የሚባል የቆዳ ደላላ ነበር፤ ጨዋታ አዋቂ፣ ምላሱ ስለት። ድግሱ ሞቅ ሲል ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ፣ «የሀጂ ዐብዱላሂ መኪኖች ሁለት ካቦ አላቸው» አለ። «ጢም ያለው ደመወዝ ይቀበላል፤ ሻሽ ያሰረችው ታዛለች።»

ሰዉ ሳቀ። የዐያንሌ ሾፌሮችም ሳቁ። ክፋት አልነበረበትም፤ እንዲያውም ሀሊሞን የሚወዱ ሰዎች ሳቅ ነበር። ዐያንሌ ግን ሳቁን ከቤቱ ድረስ ይዞት ሄደ።

«ከዛሬ ጀምሮ የግቢውን ነገር በዚህ ቤት አታንሺ» አላት፣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ። «የሾፌር ሚስቶችም እዚህ ደጅ አይሰብሰቡ።»

ሀሊሞ የምታጥበውን ሰሃን አስቀመጠች። «ሰው ምን አለህ?»

«ማንም ምንም አላለኝም።»

«ዐያንሌ፣ ካንተ የወሰድኩብህ ነገር አለ?»

«ሰው የሚለው ይበቃኛል።»

«አሁን ማንም ምንም አላለኝም አላልክም?»

ዐያንሌ መልስ ያጣ ወንድ እንደሚያደርገው ድምፁን ከፍ አደረገ። ሀሊሞ እስኪጨርስ ጠበቀችና «እሺ» አለች። ከዚያች ቀን ወዲህ ጠዋት እስከ አጥሩ በር ትሸኘዋለች፤ ቃል ግን አይወጣትም።

ፋራህንም እንዲሁ አደረገው። ፋራህ በግቢው መሐል «ወንድሜ፣ ይሄ ጭነት አጋድሏል» ብሎ ቢጠጋው፣ ሾፌሮቹ ሁሉ እየሰሙ፣ «እዚህ ግቢ ውስጥ ወንድም የለኝም» አለው። «ሾፌር ነህ። እንደ ሾፌር አናግረኝ።»

ፋራህ ፊቱ ጠቆረ። አባታቸው ከሞተ በኋላ ያሳደገው ይህ ወንድሙ ነው፤ መሪ መያዝ ያስተማረውም እሱ ነው። «እሺ ካቦ፣ እንዳሉት» አለ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ «እርስዎ» እንጂ «አንተ» ብሎት አያውቅም።

መጀመሪያ ዐያንሌን ነገሩ ደስ አለው። ግቢው ጸጥ አለ፤ ትእዛዙ ያለ ክርክር ይፈጸማል። ሥልጣን ማለት ይህ መሰለው። ሾፌሮቹ መጋላ ቡና ቤት ተቀምጠው የሚያወሩትን እሱ ሲገባ ማቆማቸውን እንኳ እንደ ክብር ቆጠረው።

አሁን ከደንገጎ በታች፣ ከተማው ሊደረስ ጥቂት ሲቀር፣ መንገዱ አንድ የአሸዋ ወንዝ ላይ ደረሰ። በበጋ ወንዝ መሆኑን ሰው ይረሳዋል፤ ፍየል ይተኛበታል፣ ጋሪ ያቋርጠዋል። ክረምት ግን ዝናቡ ከላይ ደጋው ላይ ዘንቦ፣ እዚህ ፀሐይ እያለ፣ ድንገት ይመጣል። ስለዚህ የሀጂ መኪኖች አንድ ደንብ ነበራቸው፤ ተራራው ከጠቆረ ዳር ቆሞ መጠበቅ። ደንቡን በመጀመሪያ ያወጣው ፋራህ ነበር።

ዐያንሌ ዳሩ ላይ ቆመ። ስድስቱም ከኋላው ቆሙ። አሸዋው ደረቅ ነው። ነፋስ የለም። አንዲት ግመል ከወንዙ መሐል ቅጠል ትለቅማለች።

ፋራህ ከኋላ እየተራመደ መጣ። ጋቢናው አጠገብ ሲደርስ እንደ ድሮው ክንዱን አላሳረፈም፤ እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ ቆመ። መጀመሪያ ወደ ተራራው አየ፤ ቀጥሎ ወደ ዐያንሌ።

«ትእዛዝዎ ምንድን ነው፣ ካቦ?»

ዐያንሌ በኋላ፣ በሸመገለበት ዘመን፣ ከሁሉ አብልጦ የሚያስታውሳት ይህችን ደቂቃ ነበር። ወንድሙ ምን እንደሚያስብ ያውቅ ነበር። አንዲት ቃል ብቻ ጠበቀ፤ ፋራህ «ወንድሜ» እንዲለው። ቢለው ኖሮ ይቆጣ፣ ይሳደብ፣ ከዚያም ይቆይ ነበር። ፋራህም እንዲሁ አንዲት ቃል ይጠብቅ ነበር፤ «ምን ይመስልሃል?» የምትል። ሁለቱም ጠበቁ፤ ሁለቱም አልሰጡም።

«ባቡሩ አይጠብቀንም» አለ ዐያንሌ። «ተሻገሩ።»

«እንዳሉት» አለ ፋራህና ተመለሰ።

ዐያንሌ ተሻገረ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም ተሻገሩ። አራተኛው፣ የቡልቻው፣ አሸዋው መሐል ሲደርስ ማርሹ ተሳተ፤ ሞተሩ አንድ ጊዜ አጓርቶ ጠፋ። የኋላ ጎማዎቹ እስከ ግማሽ ሰመጡ። ረዳቱ ወርዶ ሞተሩን በማኒቬላ ለማስነሳት ከፊት ለፊት ጎንበስ አለ። አንዴ ጠመዘዘ፣ ሁለቴ ጠመዘዘ። ቡልቻ የጋቢናውን በር ከፍቶ አንድ እግሩን አወረደ፤ ወደ ላይ፣ ወደ ተራራው በኩል አየና አንገቱን አስግጎ አደመጠ።

ዐያንሌ ከማዶ ሆኖ እጁን አወናጨፈ። «መኪናውን አትተው» ብሎ ጮኸ። «ግባና አስነሳ።»

ቡልቻ እግሩን መልሶ ገባ። የታዘዘ ሰው ነበር።

ቀጥሎ የተሰማው ድምፅ ባቡር ይመስላል። ሁሉም ወደ ጣቢያው በኩል ዞር አሉ፤ ድምፁ ግን ከዚያ አልነበረም። ግመሏ በሩጫ ወጣች። ረዳቱ ማኒቬላውን ጥሎ ፋራህ ወደ ቆመበት ዳር ሮጠ። ከመታጠፊያው በስተላይ ቡናማ ነገር ብቅ አለ፤ ከፊቱ ቅርንጫፍ፣ አረፋና የሞተ በግ ያንከባልላል።

«ውጣ» አለ ዐያንሌ። ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ «ውጣ፣ ቡልቻ ውጣ» አለ። የፊተኛውን ትእዛዝ ቡልቻ ሰምቶት ነበር፤ ይህኛውን ውሃው ዋጠው።

ፋራህ ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ ገብቶ ነበር። ረዳቱን ከዳሩ ጥቂት ሲቀረው በሸሚዙ ያዘው፤ ከኋላ ያሉት ሾፌሮች ሁለቱንም ጎትተው አወጧቸው። እንደገና ለመግባት ሲታገል ግን ያዙት። መኪናው በጎኑ ተኛ፤ ሸራው እንደ ክንፍ አንዴ ተነፋና ወረደ። የቡናው ጆንያ አንድ በአንድ እየተነሳ ሲሄድ ይታይ ነበር። ዐያንሌ ከማዶ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ እጁን ዘረጋ፤ የሚይዘው ነገር ግን አልነበረም።

ውሃው እንደ መጣ ሁሉ ፈጥኖ ጎደለ። ቡልቻን ከብት ጠባቂዎች ናቸው ያገኙት፤ ከወንዙ በታች፣ በአንድ ግራር ሥር፣ አሸዋ ግማሽ አካሉን ሸፍኖት። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። ሾፌሮቹ ከመኪናቸው ሸራ ፈትተው ከፈኑት። ማንም ወደ ዐያንሌ አላየም። ቢያዩት ይሻለው ነበር።

ፋራህ እርጥብ ልብሱን እንደ ለበሰ አጠገቡ መጥቶ ቁጢጥ አለ።

«ሚስቱ ከሌላ ሰው እንዳትሰማ» አለ ዐያንሌ። «እኔ ነኝ የምነግራት።» ቀጥሎም፣ «ቤቱ የት ነው?» አለ።

ፋራህ ቀና ብሎ አየው። ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ሁሉ መንገድ፣ ቡልቻ የት እንደሚያድር ካቦው አያውቅም። የአንዳቸውንም ቤት አያውቅም። እንዲያውቅ ተፈልጎ አያውቅም ነበር፤ የምታውቅለት ነበረች።

«ገንደ ቆሬ ነው» አለ ፋራህ። «አውቀዋለሁ። ግን እኔና አንተ ብቻችንን አንሄድም። መጀመሪያ ወደ ሀሊሞ።»

«አንተ» ማለቱን ዐያንሌ ሰማ። ለሦስት ወር የናፈቀው ቃል ነበር፤ በመጣ ጊዜ ግን እንደ ቢላ ወጋው።

«ለምን አልነገርከኝም፣ ፋራህ? ዳሩ ላይ ቆመህ ሳለ።»

«ተቀይሜህ ነበር» አለ ፋራህ። «ሰማዩን አይቻለሁ። ልናገር ብዬ ነበር፤ ‹ወንድም የለኝም› ያልከኝ ትዝ አለኝና፣ ይቅመሰው አልኩ። አንተን ነበር ይቅመሰው ያልኩት። ቡልቻን አልነበረም።»

ተነስተው ወደ መጋላ፣ ወደ ዐያንሌ ቤት ሄዱ።

ሀሊሞ በሩ ላይ ቆማ ነበር። የባሏን ሽርጥ፣ የፋራህን ፊት አየች፤ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ማን?» አለች።

«ቡልቻ» አለ ዐያንሌ።

ሀሊሞ ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። ስትናገር ለራሷ የምትናገር ትመስላለች።

«ሚስቱ ሸዋገነት ምጥ ይዟት ነበር። ከመነሳታችሁ በፊት ሁለት ቀን ሙሉ፤ ይመጣል፣ ይተዋታል። ቡልቻ ዓይኑን አልከደነም። ‹ካቦን ልጠይቀው› ቢላት፣ ‹ተው፣ ዘንድሮ ካቦ ተለውጧል፣ ያባርርሃል› አለችው። ይህን ከጎረቤቷ ስሰማ...» አቆመች። «ያን ለት ጠዋት በሩ ላይ ልነግርህ አፌን ከፍቼ ነበር፣ ዐያንሌ። ቡልቻን ተወው፣ ሌላ ሰው ይንዳ ልልህ። ከዚያ ‹አታንሺ› ያልከኝ ትዝ አለኝ። እልህ ያዘኝ። ዘጋሁት።»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ዐያንሌ።

«ያንተ ነው» አለች ሀሊሞ። ልታጽናናው አልሞከረችም። «የኔም ነው። እልህ ሰው ይገድላል ብሎ ማን ይነግረናል?»

ተነሳች። ፊቷን ታጠበች፣ የሐዘን ጋርባሳሯን አውጥታ ልትከናነብ ብላ ተወችው፤ በእሱ ፈንታ ሁልጊዜ የምትለብሰውን ባለ ቀለሙን አደረገች። «መንገድ ላይ አይተውን እንዳያውቁ» አለች። ዐያንሌ ይህን አያስበውም ነበር።

ከቤት ወጡ። ሀሊሞ ከፊት፣ ሁለቱ ወንዶች ከኋላ። ዐያንሌ በዚህች ከተማ ውስጥ ከሚስቱ ኋላ ሄዶ አያውቅም። ጎርፉ ከተማውን ለሁለት ከፍሎ ገና መጉደሉ ስለነበር ሰዉ ሁሉ ወጥቶ ነበር፤ ጋሪዎች ተደርድረው፣ ሴቶች ጭቃ እየጠረጉ። በየደጁ ሀሊሞን የሚጠራት አለ። «ሀሊሞ፣ ነበድ?» ይላታል አንዱ በሶማሊኛ። «አካም፣ ሀሊሞ?» ትላታለች ሌላዋ በኦሮሚኛ። አንዲት አሮጊት ከመስኮት ሆና፣ «ልጄ፣ በላክሽልኝ መድኃኒት ተሽሎኛል» አለቻት። ሀሊሞ ለሁሉም ትመልሳለች፤ ፈገግም ትላለች፤ ድምጿ አይሰበርም። እሱን ግን «ካቦ» እያሉ ከመንገድ ይወጡለታል። በፊት ይህን መንገድ መልቀቅ እንደ ክብር ያየው ነበር። አሁን ባዶውን መሬት አየ። ለሚስቱ ሰው ይጠጋል፤ ለእሱ ሰው ይሸሻል፤ እነዚያ ስድስት ሰዎች ገደል ለገደል የተከተሉት ማንን ኖሯል?

ገንደ ቆሬ ሲደርሱ ሀሊሞ በአንድ የጭቃ ቤት ፊት ቆመች። ከውስጥ የሕፃን ለቅሶ ይሰማል። ጎረቤት የሆነች ዘርፈሽ የምትባል ሴት እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች፤ ፊቷ በደስታ ተሞልቶ ነበር።

«ሀሊሞ፣ እንኳን መጣሽ» አለች። «ዛሬ ጠዋት ተገላገለች። አምላክ ይመስገን፣ ሁለቱም ደህና ናቸው። ግቢ፣ ግቢ።»

ሀሊሞ እግሯ ከደፉ ላይ ቀረ። ዐያንሌ ከኋላዋ ሆኖ ትከሻዋ ሲነሳና ሲወርድ አየ። ይህን ለእሱ ብላ እንደምትሸከም፣ ይህም እሷ ስትሸከምለት ከኖረችው አንዱ እንደሆነ ገባው። እጁን ትከሻዋ ላይ አደረገ። «እኔ እገባለሁ» አላት በሹክሹክታ።

«አብረን» አለች።

ሸዋገነት አልጋው ላይ ደገፍ ብላ ነበር፤ ቀጭን፣ የቀላች ሴት፤ ላቧ ገና አልደረቀም። ሕፃኑን በነጠላ ጠቅልላ ይዛዋለች። ሀሊሞን ስታይ ዓይኗ በራ።

«አውቄ ነበር እንደምትመጪ» አለች። «ሦስት ወር ሙሉ ብትጠፊም፣ ስወልድ አትቀርም ብያለሁ። ለቡልቻም ነግሬዋለሁ፤ ‹ሀሊሞ ካለች አትስጋ፣ መንገድህን ሂድ› አልኩት። ወንድ ነው፣ አየሽው? ግንባሩ ልክ የአባቱ። ዛሬ ማታ ሲገባ...»

ሀሊሞ ጎንበስ ብላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ እጇንም ያዘች። ሸዋገነት መናገሯን ቀጥላ ነበር፤ ስለ ስሙ፣ አባቱ ሊያወጣለት ስለሚፈልገው ስም። በዚያ መሐል በሩ ላይ የቆመውን ሰው አየችው። ኮፊያውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዟል። ሽርጡ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው።

ሸዋገነት ከዐያንሌ ፊት ወደ ሀሊሞ፣ ከሀሊሞ ፊት ወደ ዐያንሌ አየች። ቀና ለማለት ሞከረች።

«ካቦ» አለች ቀስ ብላ። «እርስዎ እኛ ቤት መጥተው አያውቁም።»

ዐያንሌ የሚናገረውን ቃል ከወንዙ ጀምሮ ሲያዘጋጅ ነበር። አንድ እርምጃ ወደ አልጋው ቀረበ። ሀሊሞ የሸዋገነትን እጅ ጠበቅ አደረገችው። ሸዋገነት ማንም ምንም ሳይላት ሕፃኑን ወደ ደረቷ አስጠጋችና፣ ነጠላውን ፊቱ ላይ ጎትታ ሸፈነችው።